በአፍንጫ የተፈረመ

«ያንን ወረቀት ይዘሽ እንዳትሄጂ!» አሉ አቶ ዓባይነህ በስልክ፣ እንደምን አደርሽ እንኳን ሳይሉ።

ወይንሀረግ ከልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገና መውረድ መጀመሯ ነበር። ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ለሁለት አጥፋ ከመታወቂያዋና ከፍርድ ቤቱ መጥሪያ ጋር አስቀምጣዋለች።

«ይዤው ወጥቻለሁ፣ ጋሽ ዓባይነህ።»

«መልሺው! የተጠራሽው በየካቲት በፈረምሽው ሪፖርት ላይ ልትመሰክሪ ነው። ፊርማው ያንቺ ነው ወይ ሲሉሽ አዎ ትያለሽ፣ ትወጫለሽ፣ አለቀ።»

«አላለቀም እንጂ።»

«ወይንሀረግ፣ ተይ። እኔም እየመጣሁ ነው። ሳላገኝሽ ችሎት እንዳትገቢ።»

ስልኩ ተዘጋ። እናቷ ወይዘሮ ወለተሰንበት በላይ በኩል በራፉን ከፍተው ቆመዋል። ጉልበታቸው ደረጃ አልወርድ አልወጣ ካለ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ጆሯቸው ግን የጎረቤት ሹክሹክታ አያመልጠውም።

«ማነው በማለዳ የሚጮኸው?»

«አለቃዬ ናቸው እማዬ። ወረቀቱን መልሺ ይላሉ።»

«አንቺስ?»

«አልመልስም።»

«ታዲያ ምን ያስቆምሻል? ሂጃ!»

ወይንሀረግ ሳቋ መጣ። ደረጃውን ቶሎ ቶሎ ወረደች።

እንግዲህ ይህ ወረቀት ምን እንደሆነ ለመናገር ከአፍንጫዋ መጀመር ግድ ነው። ወይንሀረግ አስራ ሰባት ዓመት በላቦራቶሪ ዕፅ ስትመረምር የኖረች ኬሚስት ናት። ከዚያ በፊት ግን የቅመም ነጋዴ ልጅ ናት። እናቷ መርካቶ ሠላሳ ዓመት ሲነግዱ እሷ ከትምህርት ቤት መልስ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ከረጢቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ዓይኗን በነጠላ ሸፍነው ድንብላሉን ከአዝሙዱ፣ ኮረሪማውን ከሄሉ ያስለዩዋታል። እያደር የዘንድሮውን ድንብላል ከአምናው ትለይ ጀመር። ላቦራቶሪ ስትገባም ባልደረቦቿ ነገሩን ጨዋታ አደረጉት፤ ብልቃጥ እየከፈቱ ያስሸትቷታል፣ እሷም ስሙን ትነግራቸዋለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ሰው ሲያወድሱት ደስ ይለዋል፤ ወይንሀረግም ሰው ናት።

ነገሩ የተበላሸው ጋዙ ሲያልቅ ነው። የዕፅ መመርመሪያው ማሽን ያለ ሂሊየም አይሠራም፤ ሂሊየም ደግሞ የሚመጣው ከውጭ ነው፣ በውጭ ምንዛሪ። በጥቅምት የመጨረሻው ሲሊንደር ባዶውን ሲቀር ግዢ ክፍሉ «በቅርቡ ይገባል» አለ። በቅርቡ የተባለው ጋዝ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ቀለም እየለወጠ የሚያመለክተው ኬሚካልም ቀኑ ካለፈበት ቆይቷል። ፖሊስ ናሙና ማምጣቱን አላቆመም፤ ዓቃቤ ሕግም «ውጤት የታለ?» ብሎ መደወሉን አላቆመም። በኅዳር አንድ ቀን አቶ ዓባይነህ አንዲት የታሸገች ከረጢት ይዘው ጠረጴዛዋ ዘንድ መጡና «እስቲ አሽቺው» አሏት። አሸተተችው። ካናቢስ ነበር። «እንግዲያ ፈርሚልኝ፣ ሰዎቹ ራሴን አዞሩኝ» አሉ። ፈረመችላቸው። ሪፖርቱ ላይ «የምርመራው ዘዴ» ከሚለው ፊት ለፊት «አካላዊ ምርመራ» ተብሎ ተጻፈ። አካላዊ ምርመራ ማለት የወይንሀረግ አፍንጫ ማለት ነበር።

በየካቲት የመጣችው ከረጢት ሌላ ናት። ውስጧ ደቅቆ የተጠቀጠቀ አረንጓዴ ነገር ነበር፤ ቅጠል ይሁን አበባ በዓይን አይለይም። ወይንሀረግ ምሳ ልትወጣ ቦርሳዋን አንስታ ነበር። ከረጢቷን ከፈተች፣ አንዴ ወደ ውስጥ ሳበች፣ ያው የምታውቀው ሽታ ነው፤ ፈርማ ወጣች። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። በዚያች ፊርማ ፉፋ የሚባል ሰው ክስ ተመሠረተበት።

ጋዙ የገባው ያለፈው ሐሙስ ነው፤ መጥሪያውም በዚያው ቀን ደረሳት። ወይንሀረግ የቀረውን ናሙና ማሽኑ ውስጥ ያስገባችው ተጠራጥራ አልነበረም። ፍርድ ቤት ስትቆም አፍንጫዋን በማሽን ወረቀት ልታስጌጥ ፈልጋ ነው። ማሽኑ የሽታ ዘይቶቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ አወጣ፤ ሁሉም አሉ። የሚያሰክረው ግን የለም። ጥቂት አይደለም፣ ጭራሽ የለም። ማሽኑን ጠረጠረችና እርግጠኛውን ካናቢስ ከመደርደሪያ አውጥታ አስገባች፤ እሱን በትክክል አወቀው። የፉፋን ሁለት ጊዜ ደገመችው። የለም። ያን ጊዜ ነው መዝገቡን ገልጣ የተከሳሹን ቃል ያነበበችው፦ «ዕቃው ለቢራ ጠመቃ የሚሆን ሆፕ ነው» ይላል። የማሽኑን ውጤት ወረቀት ላይ አተመችና ለአቶ ዓባይነህ አሳየቻቸው።

ለእናቷ የነገረቻቸው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ወይዘሮ ወለተሰንበት አዳምጠው ሲያበቁ ያሉት ይህንን ብቻ ነበር፦ «እኔ አሽትቼ ብቻ የገዛሁት አንድ ከረጢት የለም። አሸታለሁ፣ በመዳፌ አሻለሁ፣ ከዚያ እነክሳለሁ። አፍንጫ እስከ ደጃፍ ነው የሚያደርሰው። ይህንን አላስተማርኩሽም?» አስተምረዋታል። የሚያቃጥለውም እሱ ነው።

ከኮንዶሚኒየሙ እስከ ፍርድ ቤቱ በእግር ሩቅ አይደለም። ወይንሀረግ በልደታ ማርያም በር ስታልፍ ተሳለመች፤ ጧፍ ሻጮቹ የሌሊቱ ዝናብ ያረጠበውን ላስቲካቸውን እያራገፉ ነበር። ታክሲ ረዳቶቹ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላሉ። ማንም ሰው ፊቷን አይቶ ምን ይዛ እንደምትሄድ ሊገምት አይችልም፤ ለሥራ የምትቸኩል የመንግሥት ሠራተኛ ናት። እርምጃዋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ለአራት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ከርማ ቆርጣለች፤ ሰውዬው ዛሬ መፈታት አለበት።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የችሎቱ ኮሪደር ሞልቷል። አግዳሚው ላይ አንዲት ወጣት ሴት የምሳ ዕቃ ያለበት ፌስታል ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ወይንሀረግን ስታይ ጠጋ አለችላት።

«ይቀመጡ እትዬ፣ ይበቃናል።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ጠበቃ ነዎት?»

«አይደለሁም። አንቺስ ማንን ጠብቀሽ ነው?»

«ባለቤቴን። ሶረቲ እባላለሁ፣ እሱ ፉፋ ይባላል።» ሴትዮዋ ፌስታሉን አስተካከለች። «ስንቅ ይዤ ነበር፣ እዚህ አናስገባም አሉኝ። ሦስት ወሩ ዛሬ።»

ወይንሀረግ መነሳት ነበረባት። አልተነሳችም።

«በምን ታሰረ?» አለች፣ የምታውቀውን።

«ቢራ ፋብሪካ ስምንት ዓመት ሠርቷል። ሠራተኛ ሲቀነስ ወጣ። ከዚያ በራሴ እጠምቃለሁ፣ ፈቃድ አወጣለሁ ብሎ እቤት መሞከር ጀመረ። ለቢራ የሚገባውን ነገር ድሮ አብሮት የሠራ ሰው ከውጭ ላከለት። እንዴት እንደሚሸት አይጠይቁኝ! ጎረቤት ሸተተን ብሎ ፖሊስ ጠራ። ፉፋ ‹እንደኛ ጌሾ ነው፣ ቢራውን የሚያመርረው እሱ ነው› ቢላቸው፣ ‹ጌሾንማ እኛም እናውቃለን› ብለው ሳቁበት።»

«አንቺ ምን አልሽ?»

«እኔማ መጀመሪያ እሪ አልኩ። ባሌ ሲጋራ እንኳን አያጨስም አልኩ።» ሶረቲ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ኋላ የላቦራቶሪ ውጤት መጣ። ካናቢስ ነው ይላል። ማሽን አላቸው አሉኝ። ማሽን ደግሞ ማንንም አያውቅም፣ በማን ላይ ይዋሻል? ከዚያ ወዲህ … እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ልጠይቀው ስሄድ ዓይኑን ማየት ፈራሁ። ደብቆኝ ይሆን እላለሁ። እሱም አውቆብኛል። ባለፈው ሳምንት ‹አንቺም?› አለኝ። አንዲት ቃል ናት፣ ‹አንቺም?›»

ወይንሀረግ እስር ቤቱንና ክሱን አስባበታለች፤ ይህንን ግን አላሰበችውም። አፍንጫዋ ገብቶ የሰው ትዳር ውስጥ ተቀምጧል፣ ያውም ማሽን ነኝ ብሎ። አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

«ሶረቲ፣ ያቺ ባለሙያ እኔ ነኝ» አለች።

ሶረቲ ፌስታሉን ወደ ደረቷ ሳበች።

«ከዚህ በላይ አሁን ላናግርሽ አይገባም። ምስክር ነኝ። ባልሽን ግን አትጠርጥሪው።»

ተነስታ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደች።

አቶ ዓባይነህ ያገኟት እዚያው መስኮቱ አጠገብ ነው። ደረጃውን ሮጠው ስለወጡ ትንፋሻቸው አልተመለሰም። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የወይንሀረግ እናት ቀዶ ጥገና ያደረጉ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ሆስፒታል ቆመው ያደሩ፣ ደማቸውን የሰጡ ሰው ናቸው። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

«ወረቀቱ አብሮሽ ነው?»

«አብሮኝ ነው።»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። የሚጠፋው ግን የእኛ ልጅ አይደለም ጋሽ ዓባይነህ፣ የሰው ልጅ ነው።»

አቶ ዓባይነህ መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ከዚያ የመጡበትን ሐሳብ አወጡት፤ መንገድ ላይ ሲያብላሉት የመጡ ይመስላል።

«እሺ። እኔም ንጹሕ ሰው ይታሰር አልልም፣ ልጆች አሉኝ። ወረቀቱን ስጫቸው። የቴክኒክ ስህተት ነበር በያቸው። እንደገና መረመርነው፣ ካናቢስ አይደለም፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሰውዬው ይፈታል። እንዴት እንደተሳሳትን ግን ዝርዝር ውስጥ አትግቢ። ማሽን፣ ጋዝ፣ አፍንጫ … እሱን ተይው።»

«ሌሎቹስ?»

«የትኞቹ ሌሎች?»

«በአፍንጫዬ የፈረምኳቸው። ከኅዳር ወዲህ አስራ አንድ ናቸው፣ ከፉፋ ሌላ።»

«ዝም በይ!» አቶ ዓባይነህ ግራ ቀኝ ተመለከቱ። «ከአስራ አንዱ አስሩ በእርግጥ ሻጭ ነው። አንደኛው ለተማሪዎች ሲሸጥ የተያዘ ነው፣ አስታውሺ። ዛሬ አፍሽን ከከፈትሽ ነገ ሁሉም ይግባኝ ብለው ይወጣሉ። እኔ ከጡረታዬ በፊት እባረራለሁ። አንቺ ደግሞ በሐሰተኛ ሪፖርት ትከሰሻለሽ። ከዚያ እናትሽን ማን ያያል? አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል ወይንዬ፤ ላንቺ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም።»

«አስሩ ሻጭ ከሆነ አስራ አንደኛውስ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። የትኛው እንደሆነም አላውቅም።»

«እባክሽ» አሉ አቶ ዓባይነህ። አለቅነቱ ከድምፃቸው ወጥቷል። «ይሄኛውን አስፈቺና ይብቃሽ። ሌሎቹን እኛው በጓሮ፣ ቀስ እያልን እናያቸዋለን።»

በጓሮ ቀስ እየተባለ የታየ ነገር ወይንሀረግ ታውቃለች፤ ጋዙም በጓሮ ቀስ እየተባለ ነው ሰባት ወር የፈጀው። ሆኖም የእናቷ ጉልበት ታያት፣ አቶ ዓባይነህ የሰጡት ደም ታሰባት። ደግሞስ ሰው ለማስፈታት ሁሉን መዘክዘክ ምን ያስፈልጋል?

«ፉፋ ይፈታ ብቻ» አለች። እሺ ማለቷ ይሁን አለመሆኑን ራሷም አላወቀችውም። አቶ ዓባይነህ ግን እሺታ አድርገው ወሰዱትና ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። ወዲያው ስሟ ተጠራ።

ችሎቱ ጠባብ ነው። ዳኛዋ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ዝቅ ያለ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። ዓቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፣ ዶሴውን በሥርዓት ከፋፍሎ ደርድሮታል። የተከሳሹ ተከላካይ ጠበቃ ሰላሁን ይባላል። ፉፋ ሁለት ፖሊሶች መሐል ቆሟል፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ወይንሀረግ እስከ ዛሬ የምታውቀው ሽታውን ነበር፤ ሰውዬውን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ሶረቲ ከኋላ ተቀመጠች። አቶ ዓባይነህ በሩ አጠገብ።

ምላ ከቆመች በኋላ ዓቃቤ ሕጉ ሪፖርቱን አሳያት።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«አዎ፣ የእኔ ነው።»

«በይዘቱ ላይ የተገለጸው ትክክል ነው?»

«ትክክል አይደለም።»

ዓቃቤ ሕጉ ቀና አለ። ሌላ መልስ ነበር የሚጠብቀው። ወይንሀረግ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ችሎት አስከባሪው ተቀብሎ ለዳኛዋ ሰጠ።

«የቴክኒክ ስህተት ነበር» አለች፣ ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ አሸዋ እየተንኮሻኮሸ። «ባለፈው ሳምንት ቀሪውን ናሙና ሦስት ጊዜ መረመርኩት። ካናቢስ አይደለም። ሆፕ ነው፤ ተከሳሹ እንዳለው ለቢራ የሚገባ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ትንፋሹን ለቀቀ። ዳኛዋ ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ።

«ሁሉም ካናቢስ ካናቢስ ሸተተን ይላል። ጎረቤት፣ ፖሊስ። ካናቢስ ካልሆነ ሽታው ከየት መጣ?»

ይህንንማ ወይንሀረግ ታውቀዋለች። ድምፅዋ ተመለሰ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ የካናቢስ ሽታ ከአንድ ነገር የሚመጣ አይደለም። ተርፒን የሚባሉ ብዙ የሽታ ዘይቶች ተደባልቀው የሚሰጡት ነው። ዘይቶቹ ደግሞ የካናቢስ የግል ንብረት አይደሉም። አንዱ ቁንዶ በርበሬ ውስጥ አለ። አንዱ ማንጎ ውስጥ፣ አንዱ የሎሚ ልጣጭ ውስጥ፣ አንዱ ድንብላል ውስጥ ይገኛል። ሆፕ ለካናቢስ የሥጋ ዘመዱ ስለሆነ ዋና ዋናዎቹን ይጋራል፤ ለዚህ ነው የሚመሳሰሉት። የሚያሰክረው ግን ሌላ ነው፣ ቲ ኤች ሲ ይባላል። ሕጉ የሚፈልገው እሱን ነው። ሆፕ ውስጥ እሱ የለም።»

ዓቃቤ ሕጉ የዋዛ አልነበረም። «እነዚህ የሽታ ዘይቶች ራሳቸው ያፈዛሉ፣ እንቅልፍ ያመጣሉ የሚል ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ሐሰት ነው?»

«ትክክል አንብበዋል። ያረጋጋሉ የሚባሉ አሉ፣ ያነቃሉ የሚባሉም አሉ። ከካናቢስ ጋር ሲሆኑ የስካሩን ጠባይ ይለውጡታል የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። በአይጥ ላይ የታየ አለ፤ በሰው ላይ ገና ብዙው አልተጣራም። ነገር ግን ሽታው አረጋጋ ተብሎ ሰው የሚታሰር ከሆነ እናቴ ሠላሳ ዓመት ድንብላል ሸጣለች።»

ችሎቱ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ዳኛዋ ቀና ሲሉ ጠፋ። ዓቃቤ ሕጉ አልሳቀም።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ላቦራቶሪው በየካቲት ካናቢስ ነው አለ፣ በግንቦት አይደለም አለ። ምስክሯ ያን ጊዜም ባለሙያ ነበሩ፣ ዛሬም ባለሙያ ናቸው። የቴክኒክ ስህተት የየካቲቱን ውጤት ካበላሸ የግንቦቱን ላለማበላሸቱ ዋስትናችን ምንድን ነው? ናሙናው በሌላ ተቋም ተመርምሮ ውጤቱ እስኪቀርብ ተከሳሹ በማረፊያ ቤት እንዲቆይ እጠይቃለሁ።»

ዳኛዋ ወደ ቀን መቁጠሪያው ተመለከቱ። ሰላሁን ተነስቶ ተቃወመ፤ ዳኛዋ ግን እስክሪብቷቸውን አንስተው ነበር። ሌላ ተቋም ማለት ሌላ ወረፋ ነው፣ ምናልባትም ሌላ ጋዝ። ፉፋ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። ወይንሀረግ ገባት፤ የጥሩ ዓቃቤ ሕግ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ውጤት እንዴት እንደተገኘ ካልተናገረች ሁለተኛውን የሚያምናት የለም። የአቶ ዓባይነህ መንገድ ሰውዬውን እስከ በሩ አድርሶ እዚያው የሚተወው ነው።

«በየካቲት ማሽን አልነበረም» አለች።

«እንዴት?» አሉ ዳኛዋ።

«ጋዙ ካለቀ አራት ወር ሆኖት ነበር። ሪፖርቱን ይመልከቱት፤ ማሽን አይልም፣ አካላዊ ምርመራ ነው የሚለው።»

«አካላዊ ምርመራ ማለት ምን ማለት ነው?»

«አፍንጫዬ ነው።»

የጸሐፊዋ ኪቦርድ ጥቂት ተንኳኳና ቆመ።

«አሽትቼ ነው የፈረምኩት። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ክቡር ፍርድ ቤት፣ የሚያሰክረው ነገር ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። አፍንጫዬ ምንም ቢሰላ ሕጉ የሚፈልገውን ነገር ሊያሸት አይችልም። ይህንን ተምሬዋለሁ፣ ሌሎችንም አስተምሬበታለሁ። እያወቅሁ ነው የፈረምኩት። ስለዚህ የየካቲቱና የግንቦቱ ሁለት የማሽን ውጤቶች አይደሉም። ማሽን የተናገረው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም እጅዎ ላይ ነው ያለው።»

ዓቃቤ ሕጉ ሪፖርቱን ገልጦ «የምርመራው ዘዴ» የሚለውን ፈለገ። ሲያገኘው ተቀመጠ። የመቆያ ጥያቄውን አልደገመም። ሶረቲ ከኋላ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅስ ነበር፤ ፉፋ ግን ምስክሯንም ዳኛዋንም ትቶ ወደ ሚስቱ ዞሯል። ፖሊሱ ሊያስተካክለው እጁን ዘረጋና ተወው።

እዚህ ላይ ቢበቃ ለወይንሀረግ ደግ ቀን ነበር። ያለችው በእሷ ላይ ብቻ ነው የሚወድቀው። አቶ ዓባይነህ ስማቸው አልተጠራም። አስራ አንዱም በየመደርደሪያቸው ዝም ብለዋል። ዳኛዋ የፉፋን መፈቻ ትእዛዝ ጽፈው ጨረሱና እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ምስክሯ ሊወርዱ ይችላሉ» ሊሉ ነው ብላ ቦርሳዋን ያዘች። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። በዚህ ዓይነት፣ ያለ ማሽን፣ የፈረሙት ሌላ ሪፖርት አለ?»

ወይንሀረግ ወደ በሩ ተመለከተች። አቶ ዓባይነህ ራሳቸውን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቁ፤ ትእዛዝ አልነበረም፣ ልመና ነው። አሳዘኗት። ከልቧ አሳዘኗት፤ ያደሩላትን ሌሊት አልረሳችም። «የለም» ማለት አንዲት ቃል ናት፣ ማንም አያጣራትም። ከአስራ አንዱ አስሩ ሻጭ ነው። ተማሪዎችን የሚያበላሸውም አለበት፤ እሱ ቢወጣ በእሷ ምክንያት ነው፣ ይህንንም ተሸክማ ትኖራለች። ግን በየትኛው ቤት ነው ዛሬም አንዲት ሴት ስንቅ ቋጥራ ሄዳ የባሏን ዓይን ማየት የምትፈራው፣ ማሽን ተናገረ ብላ? ያንን ቤት ለይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ለይቶ የሚያውቅ ማሽኑ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ አሁን ጋዝ አለው።

«ምስክሯ?» አሉ ዳኛዋ።

«አሉ» አለች ወይንሀረግ። «አስራ አንድ ናቸው። የመዝገብ ቁጥራቸውን በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ናሙናዎቻቸውም አልተወገዱም። ሁሉም በማሽን ይታዩ። ይጻፉልኝ።»

ዳኛዋ ለጸሐፊዋ ምልክት ሰጧት። አቶ ዓባይነህ ተነስተው የወጡ መሰላት፤ ዞራ አላየችም። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጸሐፊዋ እንድትደርስባት ቀስ እያለች ከኅዳሩ ጀመረች።